ቆጡ ላይ ያለው ሻንጣ

ግንቦት 6

ይድረስ ለወንድሜ፣ ለቤታችን አዋጅ ነጋሪ፤

በሰላምታ ልጀምር ወይስ በቁጥር አንድ? አምስት ገጽ ሙሉ! ሰው ለሚወዳት ልጅ ነው አምስት ገጽ የሚጽፈው፤ ለእህቱ ስለ ባትሪ ድንጋይ አምስት ገጽ ይጽፋል? ፖስታውን ነዳጅ ማደያው ድረስ ሄጄ ከሥራ ካምፓችሁ ሾፌር ተቀበልኩ። ከእንግዲህ ቤት ድረስ አትልፋ፣ እዚሁ እየመጣሁ እወስዳለሁ ብዬዋለሁ።

እንቅልፍ እንዲወስድህ ጥያቄህን ልመልስ። ውሃ አለ፤ ሁለቱን ቢጫ ጀሪካን ሞልቻለሁ፣ በየሁለት ሳምንቱ እቀይረዋለሁ። የእጅ ባትሪውም አለ፤ ድንጋዩን አውጥቼ እንዳልከው ለብቻው ጠቅልዬዋለሁ። የቤቱን ካርታና የልደት ወረቀቶቻችንን ላስቲክ ውስጥ አድርጌ ጫፉን በሻማ አቅልጬ ዘጋሁት፤ ጣቴም አብሮ ተቃጥሏል። ሻንጣው ቆጡ ላይ ነው። ብስኩት፣ ፋሻ፣ ክብሪት፣ ሳሙና፣ የእማዬ የደም ግፊት ክኒን፣ አንድም የቀረ የለም። ፊሽካ ግዢ ያልከው ላይ ስስቅ መርፌው ወጋኝ፤ ግን ገዝቻለሁ።

ወንዙ አሁን ድመት ተሻግራው እግሯ አይርስም። ዓምና የደጃችን ሁለተኛ ደረጃ ድረስ መጥቶ የተመለሰውን ግን አልረሳሁትም። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። ስለዚህ እየሳቅሁብህም ቢሆን ያልከውን አደርጋለሁ።

እማዬ እንደ ወትሮዋ ከግርጌ ሁለት መስመር ሳትጽፍልኝ ለምን ቀረች ላልከው፣ መነጽሯ ተሰብሮ ነው። ሌላ ምንም የለም። ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ትቆጣኛለች።

እህትህ


ግንቦት 6፤ ተጽፎ ያልተላከ

ወንድሜ፤

የመጀመሪያውን ደብዳቤ አጥፌ ፖስታ ውስጥ ከከተትኩት በኋላ ሆዴ አልችል አለኝ።

መነጽሯ አልተሰበረም። ሚያዝያ 21 ጠዋት ፊቷን ልትታጠብ ጎንበስ እንዳለች ወደቀች። ከዚያ ወዲህ ቀኝ እጇም ቀኝ እግሯም አይታዘዙላትም። ሐኪሙ ደም ግፊቱ ነው፣ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሷል አለኝ። አፏም ተሳሰረ። አንዲት ቃል ብቻ ቀርታታለች፤ እሷኑ ስትላት ትውላለች። ቃሏን አልጽፍልህም። ከጻፍኳት በማግስቱ ሻንጣህን ይዘህ በር ላይ ነህ። ስድስት ወር ሳይሞላህ ከሥራ ከቀረህ እንደሚያባርሩህ ደግሞ ራስህ ነግረኸኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ ግድግዳ ስታይ ከርመህ ያገኘኸው ሥራ ነው።

አልጋዋን ከጓዳ አውጥቼ ፊት ለፊት ክፍል፣ የስፌት መኪናዬ አጠገብ አድርጌዋለሁ። እየሰፋሁ አያታለሁ፣ እሷም ታየኛለች። በሩ ወደ ውስጥ ሲከፈት አልጋውን እየመታ ስላስቸገረኝ አናጢውን ጠርቼ ማጠፊያውን አዞረው፤ አሁን ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው። ሁለት የሚያነሳ ሰው ካላገኘሁ ከአልጋዋ አላወርዳትም። ጎረቤታችን ጡረተኛው መምህር ናቸው የሚያግዙኝ፤ የሳቸውም ወገብ ወገብ አይደለም።

ይህንን ዛሬ አልልከውም። ነገ አስቤበት እልከዋለሁ።


ሰኔ 2

ለእታለም፣ ለባለመርፌዋ፤

ሳቂብኝ ግድ የለም። እዚህ ካምፕ ውስጥ የሚስቅ ሰው ጠፍቷል፤ ያለው ድንጋይና አቧራ ነው።

ሾፌሩ ስለ ተደረመሰው አፈር አንድ ነገር ጣል አድርጎልሽ ኖሮ በኋላ በላክሽው ደብዳቤ እውነት ነው ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። እውነት ነው። ሁለት ሰው ነው የተቀበረው። አካፋና ዶማው ያለበት መጋዘን ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ፣ እኔ ምሳ ላይ። ሮጬ ስመጣ ሰዎቹ በእጃቸው እየጫሩ ነበር። አንዱን አወጣን፣ አንዱን አላወጣንም። ማንም አንተ ነህ ያለኝ የለም። ቁልፉ የት ይቀመጥ እንደነበር ግን የተጻፈ ነገር አልነበረም፤ መጻፍ ያለበት ደግሞ የመጋዘኑ ኃላፊ፣ እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ዝርዝር ካልጻፍኩ አይኔ አይከደንም። ስለዚህ እታለም፣ ሳቂ፣ ግን አድርጊው።

ፈቃድ ጠይቄ ነበር። ክረምቱ ሳይወጣ አይሆንም አሉኝ። ምን ላድርግ?

መነጽር ልኬያለሁ። ቁጥሩ ማስታወሻዬ ላይ ነበር፤ በከንቱ አዋጅ ነጋሪ አላላችሁኝም። አሁን ሰበብ የላትም፣ ሁለት መስመሬን እጠብቃለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አስቸግርሻለሁ። ሰዓት ያዢና እማዬን ወደ ቆጡ አስወጪያት። መሰላሉ ሰባት ደረጃ ነው፣ በገዛ እጄ የመታሁት። ከአልጋዋ ተነስታ ላይ እስክትቀመጥ ስንት ይፈጅባታል? ያ ወንዝ ሲመጣ እንደ እንግዳ አንኳኩቶ አይደለም። ከሁለት ደቂቃ በላይ ከፈጀባት ነገሩ አይሆንም፤ ክረምቱ ሳይገባ ጉብታው ላይ፣ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ክፍል ተከራይተሽ አውጪያት። በዚህ አትቀልጂብኝ።

ወንድምሽ


ሰኔ 21

ለወንድሜ፤

ምነው መልስሽ ዘገየ ብለህ በሾፌሩ ላስጠየቅከኝ፣ የደንብ ልብስ ወቅት ነው። የትምህርት ቤቱ ስልሳ ሁለት ቀሚስ እላዬ ላይ ተከምሯል፤ ነሐሴ 11 ማስረከብ አለብኝ። ቤቱ ሰማያዊ ብጣሽ ብቻ ሆኗል፤ ውሃችን ውስጥ ሁሉ ክር እየተገኘ ነው።

ስለ ቁልፉ የጻፍክልኝን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የኔ ጌታ፣ አንተ አይደለህም አፈሩን የናድከው። ይህን አጠገብህ ሆኜ ብነግርህ ነበር የሚሻለው።

መነጽሩ ደረሰ። አድርጌላት ዙሪያ ገባውን ስታይ ዋለች።

የመሰላሉን ነገር ደግሞ ሰዓት ይዤ አየሁት። አርባ ሰከንድ። እንደ ድመት ናት፣ እኔን ነው ያስናቀችኝ። በቃ፣ በዚህ በኩል አሳብህን ጣለው፤ ሌላ ጊዜም አትጠይቀኝ።

ከዚህ በታች ራሷ ጽፋልሃለች። ጽሑፏ ቢንጋደድ አትፍረድባት፣ ከጻፈች ቆይታለች።

እህትህ

ልጄ መነጽሩ ልክ ሆነልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ሥራህን ሥራ። ስለ እኔ ብለህ እንዳትመጣ። እናትህ።


ሐምሌ 9

እታለም፤

አለቀስኩ ብልሽ ትስቂብኛለሽ፤ እንግዲያው አላለቀስኩም። ወረቀቱን ከግርጌ ቀድጄ ሁለቱን መስመር ኪሴ ውስጥ አድርጌያቸዋለሁ። እጇ እንዴት ተንቀጥቅጧል! እርጅና ክፉ ነው። ግን አርባ ሰከንድ! የኛ ሰፈር ጎረምሳ እንኳ በአርባ ሰከንድ አይወጣውም።

እንዲህ ከሆነማ ጉብታው ላይ ክፍል መከራየቱ ይቅር። ሽማግሌ ሰው ከቤቱ ነቅለሽ ብታወጪው ይታመማል። ቆጡ ይበቃታል፣ ሻንጣውም እዚያው ነው።

ጆንያውን ማን ይደርድር፣ የት ይደርደር ብለሽ በሾፌሩ ላስጠየቅሽኝ አዲስ ዝርዝር አድርጌ አብሬ ልኬዋለሁ። አራተኛው ነው፣ የመጨረሻዬም ነው። አሸዋ የተሞላ ሃያ አራት ጆንያ ደጁ ላይ ይዘጋጅ። ወንዙ ድልድዩን ከነካ፣ የፊት በር ወደ ውስጥ ስለሚከፈት ጆንያዎቹ ከውጭ በኩል በሩን አስጠግተው እስከ ወገብ ይደርደሩ። የጓሮው በር ይቀርቀር። እማዬ ቆጥ ላይ ትውጣ። አንቺ ለልኬት፣ ለክር፣ ለቁልፍ እያልሽ ስትሮጪ ነው የምትውዪው፤ ስለዚህ አንድ ቅጂ ለመምህሩ ስጪልኝ። እሳቸው የተጻፈ ነገር ካገኙ ነጥብ አይስቱም።

እንደ አዋጅ አትቁጠሪው። ቁልፉ የት እንዳለ ሁሉም ሰው ይወቅ ነው የምለው።

ወንድምሽ


ነሐሴ 1

ለወንድሜ፤

አትቆጣ፣ አላኮረፍኩም። እንዲሁ ደክሞኝ ነው። አርባ አንድ ቀሚስ ጨርሻለሁ፣ ሃያ አንድ ይቀረኛል።

ጆንያዎቹ ተሞልተው ደጁ ላይ ተከምረዋል፤ መንገደኛው ሁሉ ጦርነት ሊነሳ ነው ወይ እያለ ይጠይቀኛል። ዝርዝርህን ለመምህሩ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው እንደ ፈተና ወረቀት አነበቡት፣ ሁለት ቦታ ፊደል አረሙብህና ግድግዳቸው ላይ ለጠፉት። “ልጁ የሚያደርገውን ያውቃል፤ አንድ ነገር ሳላዛንፍ እፈጽማለሁ” አሉኝ። እኔማ ዝርዝር በቃኝ፤ ወንድሜ ያለውን ያድርጉ አልኳቸውና ወደ መኪናዬ ተመለስኩ።

ወንዙን ጠይቀሃል። ቀለሙ ተለውጧል። ድምፁ ከመኪናዬ ድምፅ በላይ ይሰማኛል።

የክፍሉን ነገር ተዪው ብለሃል፤ እኔ ግን አልተውኩትም። ለምን እንደሆነ አሁን አልነግርህም። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ባዶ ክፍል አለ ብሎኛል። ነሐሴ 11 ቀሚሶቹን ሳስረክብ አየውና በማግስቱ እማዬን አወጣታለሁ። ስትመጣ ደግሞ ፊት ለፊት ተቀምጠን የምነግርህ ነገር አለ። በደብዳቤ አይሆንም። ሞክሬ አይቼዋለሁ።

እማዬ ዛሬ አልጻፈችም፣ ተኝታለች።

እህትህ


ነሐሴ 20

ወንድሜ፤

በካምፑ ሬዲዮ መስማትህን ነገሩኝ። ከኔ አፍ ሳትሰማ በመስማትህ ይቅር በለኝ። መንገዱ ዛሬ ተከፍቷል ስላሉኝ ነው ይህን የምጽፈው።

እማዬን ነሐሴ 13 ቀበርናት። ሰው ሞልቶ ነበር፣ ብቻዋን አልሄደችም። ለቀብር አልደረስኩም ብለህ ራስህን አትብላ፤ መንገዱ ተቆርጦ ነበር።

የት ነበርሽ ብለህ አስጠይቀኸኛል። ጉብታው ላይ፣ ትምህርት ቤቱ ውስጥ፣ ቀሚስ ሳስረክብ ነበርኩ። ረፋድ ላይ እመለሳለሁ ብዬ ነው የወጣሁት። ድልድዩን ውሃ ሸፈነው። ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል።

ሌላውን ዛሬ አትጠይቀኝ። ቤቱ ጭቃ ነው። መኪናዬ ጭቃ ውስጥ ናት። ቆጡ ላይ ያለው ሻንጣ ጠብታ አልነካውም። ብስኩቱም፣ ክብሪቱም፣ ክኒኑም እንዳለ ነው።

እህትህ


ነሐሴ 29

እታለም፤

እግዚአብሔር ያጽናሽ ብዬ ልጀምር አልኩና እኔን ማን ያጽናኝ ብዬ አለቀስኩ። ብቻሽን ቀበርሻት። ብቻሽን ጭቃ ትጠርጊያለሽ። እኔ እዚህ አካፋ እቆጥራለሁ።

አርባ ሰከንድ። ቀንም ሌትም የማስበው ይህንኑ ነው። ውሃው ገብቶ አልጋው ጋ እስኪደርስ የቱንም ያህል ቢፈጥን አርባ ሰከንድ ጊዜ ነበራት። ለምን አልወጣችም? አንድ ነገር ብቻ ነው የመጣልኝ፣ እሱም መሰላሉ ነው። አራተኛዋን ደረጃ በአንድ ሚስማር ብቻ ነው የመታኋት። ሚስማር አልቆብኝ ነበር፤ ነገ እጨምርበታለሁ አልኩና ሳልጨምር ወጣሁ። ስንት ዝርዝር ስጽፍ እሷን ሚስማር አንድ ቀን አልጻፍኳትም። አራተኛዋ ደረጃ ላይ ነው የወደቀችው? እውነቱን ንገሪኝ። እናቴን የገደልኳት እኔ ነኝ?

ሌላም አለ። ሰኔ ላይ ፈቃድ ጠይቄ ከለከሉኝ ያልኩሽ ውሸት ነው። አልጠየቅኩም። ብጠይቅ አለቃዬ ይሰጠኝ ነበር፣ ለሌሎቹ ሰጥቷል። ፈራሁ እታለም። ሾፌሩ እህትህ ከስታለች፣ ቤት ድረስ አትምጣ አለችኝ ሲለኝ አንድ ነገር እንዳለ ሆዴ አውቆ ነበር። መጥቼ ከማየው ዝርዝር ብልክ ቀለለኝ። ብመጣ ኖሮ አንድ ዝርዝር ባላስፈለገ።

መንገዱ ከተከፈተ ዘጠኝ ቀን ሆነው፤ አሁንም አልመጣሁም። በየትኛው ፊቴ እመጣለሁ?

አንድ የምጽናናበት ነገር ቢኖር ኪሴ ውስጥ ያሉት ሁለት መስመሮች ናቸው። ሥራህን ሥራ፣ እንዳትመጣ ብላኛለች፤ በገዛ እጇ ፈቅዳልኛለች። ልቤ ሊፈነዳ ሲል አውጥቼ አነባቸዋለሁ። ሌላ የጻፈችው ካለ፣ ቁራጭም ቢሆን ላኪልኝ።

ወንድምሽ


መስከረም 8

ወንድሜ፤

አራተኛዋ ደረጃህ አልተሰበረችም። ትናንት ሻንጣውን ላወርድ ስወጣ እኔን ተሸክማኛለች። ይህንን በመጀመሪያ እወቅልኝ፣ ከዚያ ሌላውን አንብብ።

ሁለት መስመሮቿን ተይለትና ዝም በይ ብዬ ራሴን ሳምንት ሙሉ ለመንኩት። ሰው ገመድ ይዞ ተንጠልጥሎ ሳለ ገመዱን አይቆርጡበትም። ግን ያለችኝን አንዲት እናት እውነት በመደበቅ ነው ያጣኋት። አሁን ደግሞ አንተ በሌለ ሚስማር ራስህን እየሰቀልክ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ ላይ እስኪጠራ አልጠብቅም።

ግንቦት ላይ ጽፌ ያልላክሁት ደብዳቤ አብሮ አለ፤ ጭቃው ጠርዙን ቢበላውም ይነበባል። እዚያ ላይ እንዳለው እማዬ መሰላል ልትወጣ ቀርቶ ከአልጋ አትወርድም ነበር። አርባ ሰከንድ የሚባል ነገር የለም። ከመኪናዬ ቀና ሳልል ነው የጻፍኩት። አንተ ያንን አምነህ ነው ክፍሉ ይቅር ያልከው። ክፍሉን ቀሚሶቹን ባስረከብኩ ቀን አየሁት፤ ደህና ክፍል ነው፣ ደረቅ ነው። ቁልፉ አሁንም ቀሚሴ ኪስ ውስጥ አለ። የቁልፍን ነገር አንተ ታውቀዋለህ።

አራተኛውን ዝርዝርህን ሳላነበው ነው ለመምህሩ የሰጠሁት። ባነበው ኖሮ በሩ ወደ ውጭ እንደሚከፈት አውቃለሁና አንዲቷን መስመር በእርሳስ እሰርዛት ነበር። እሳቸው ወንዙ ድልድዩን ሲነካ ወረቀቱን ከግድግዳ ነቅለው እየሮጡ መጡ። የጓሮውን በር ቀረቀሩ፣ እማዬን ትራሷን አስተካከሉላት፣ በፊት በር ወጥተው ዘጉትና ሃያ አራቱን ጆንያ በዚያ ወገባቸው አንድ በአንድ ደረደሩ። ውሃ እንዳይገባባት ብለው ነው። መሰላሉን ስለማትችለው ጆንያው ይበቃታል አሉ። ውሃው ግን በጓሮ መጣ። የአጥሩ ግንብ ተደርምሶ የጓሮውን በር ደፈነው። የመስኮቱን ብረት አንተ ራስህ ነህ ለሌባ ብለህ ያስበየድከው፤ ስድስት ሰው አልነቀለውም። እኔ ስደርስ ጆንያውን እያነሱ ነበር። አሸዋው ውሃ ጠጥቶ አንዱን ጆንያ ለሦስት ነበር የሚያነሱት። ዘጠኝ ጆንያ ሲቀር ውስጥ ዝም አለ። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

መምህሩ በየጠዋቱ ደጄ ይመጣሉ። “የተጻፈውን ነው ያደረግኩት፣ የተጻፈውን ነው” ይሉኛል። አዎ ጋሼ እላቸዋለሁ። የሳቸው ጥፋት እንዳልሆነ አንተም ጻፍላቸው፤ ከኔ አልቀበል ብለዋል።

ስለ መስመሮቹ ደግሞ፣ መነጽሩን ስትልክ ሰበብ አጣሁ። በግራ እጄ ነው የጻፍኩት፣ እንዲንጋደድ ብዬ። እርጅና ክፉ ነው ብለህ ስትጽፍልኝ ወረቀቱን ጣልኩት። እሷ አልፈቀደችልህም፤ የፈቀድኩልህ እኔ ነኝ። እኔም ያን ያደረግኩት ስለምወድህ ነው፤ አሁን ለማን ይጠቅማል እንጂ።

ቀርታታለች ያልኩህን ቃል ዛሬ እጽፍልሃለሁ። “ይምጣ” ነበር። ሳበላት ይምጣ። ልብሷን ስቀይራት ይምጣ። ያንን ውሸት በግራ እጄ ስጽፍ አጠገቤ ተኝታ፣ አንተ የላክኸውን መነጽር አድርጋ እያየችኝ፣ ይምጣ ነበር የምትለኝ። ከጆንያው ወዲያ የሰማሁትም እሱኑ ነው። ሰዎቹ ምን ትላለች ብለው ጠየቁኝ፣ እኔ ቀጣዩን ጆንያ ጎተትኩ።

በየትኛው ፊቴ እመጣለሁ ላልከው፣ ባለህ ፊት ና። የኔም ፊት ከዚህ የተሻለ አይደለም። ዝርዝር አትላክ። ሾፌሩ ሐሙስ ይመለሳል፣ አብረኸው ና። አናጢው ትናንት በሩን ወደ ቀድሞው አዙሮታል፤ ገፋ አድርገህ ግባ።

እህትህ